ከወንበሩ በፊት አውቶክላቩ

ቡናው እየተቆላ ነው፤ ቆሎውም ቀርቧል። አቦሉ እስኪደርስ እስቲ ስለ ጥርስ ሕክምና ዕቃ እንጫወት። ቆሎ ይዞ ስለ ጥርስ ማውራት ደግሞ ቦታው ነው።

አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ተምራ ጨርሳ፣ ጥቂት ዓመት ተቀጥራ ሠርታ፣ አሁን ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ የራሷን ክሊኒክ ልትከፍት ነው እንበል። ብድሩ ተፈቅዶላታል፤ ቤተሰብም አዋጥቶላታል። ዕቃ ልትገዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ የጥርስ ሕክምና ዕቃ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ታዲያ ምኑን ታስቀድም?

ብዙ ሰው የሚመልሰው «ወንበሩን» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ታካሚ በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ወንበሩን ነው። መብራቱ፣ ቁልፉ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱ ዓይን ይስባል። እኔ ብጠየቅ ግን ገንዘቧን መጀመሪያ ታካሚ የማያየው ጥግ ላይ ታውል እላለሁ። እዚያ ጥግ የሚቀመጠው አውቶክላቭ ነው፤ ዕቃ በእንፋሎትና በግፊት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን።

በዕድሜ ገፋ ያሉት አንባቢዎቼ የድሮውን የመርፌ አቀቃቀል ያስታውሳሉ። የብርጭቆው ስሪንጅና መርፌው በትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ውሃ ላይ ይንተከተክ ነበር። መቀቀል ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው የሚያደፍጡትን ባክቴሪያዎች ግን አይነካቸውም። ነቀምት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

አውቶክላቭ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሠራሩ የወጥ ቤቱ ፕሬዠር ኩከር ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርግና ሙቀቱን 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። በዚህ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ዕቃው ንጹሕ ይሆናል። አሁን ወደ ነቀምት ልመልሳችሁ። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ «121 ዲግሪ ለመድረስ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ይንካ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። መለኪያው የሚቆጥረው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ስለሆነ፣ የውጭው አየር በሳሳበት በነቀምት መርፌው 15 ላይ ሲደርስ ውስጡ ገና 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 የሚሞላው መርፌው 18 አለፍ ሲል ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ዕቃው ከማሽኑ ሲወጣ እንደሁልጊዜው ትኩስና ያማረ ነው። ከጊምቢ መንገድ ወርዶ ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቦታው በጣም ዝቅ ያለ ነውና።

ስለዚህ ሐኪማችን ሻጩን ቀድማ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ማሽኑ የሚቆጣጠረው ሙቀቱን ነው ወይስ ግፊቱን ብቻ? ዘመናዊዎቹ የሙቀት መለኪያ ስላላቸው ከፍታው አያሳስታቸውም። በእጅ የሚሠራውን ርካሹን ከገዛች ግን የነቀምትን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጽፋ መለጠፍ አለባት። ቢቻላት «ክላስ ቢ» የሚባለውን ብትገዛ እመርጣለሁ። ያኛው አስቀድሞ ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ ስለሚመጥ፣ እንፋሎቱ ቀዳዳ ያላቸው ዕቃዎች ውስጥና በከረጢት የታሸጉት ጋር ይደርሳል። ለርካሹ «ክላስ ኤን» ግን የታሸገና ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ የተጫወትኩት በምክንያት ነው። የጥርስ ሐኪም ዕቃ ደም ይነካል። የጉበት ቫይረስ «ቢ» ደርቆ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን መተላለፍ እንደሚችል የታወቀ ነው። አንዱ ታካሚ ማክሰኞ ጥርሱን አስነቅሎ፣ በዚያው ጉጠት ቅዳሜ ሌላው ቢመጣና መሀል ላይ የነበረው ማጽዳት በደንብ ያልተሠራ ቢሆን፣ ያን ጉጠት ማንም እንዲህ ነው ብሎ ሊጠረጥረው አይችልም። እናንተም ታካሚ ሆናችሁ ስትገቡ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዕቃው ከታሸገ ከረጢት ፊታችሁ ይውጣ። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ። ቀለሙ መቀየሩ ሙቀት እንደነካው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሙሉ ማረጋገጫው በየጊዜው በባክቴሪያ ናሙና የሚደረገው ምርመራ ነው፤ ያንንም «በስንት ጊዜ ትመረምራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ ስትሰማ ደስ ይላታል።

ቡናው መዓዛው ወጣ፤ እኛ ወደ መሰርሰሪያው እንለፍ። ባለሙያዎቹ ሃንድፒስ የሚሉት፣ ሲሰማ ሰውን የሚያስደነግጠው ነገር ነው። በአየር የሚሽከረከረው በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይዞራል። ይሄ ዕቃ አፍ ውስጥ ገብቶ ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ሊስብ ስለሚችል ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ አውቶክላቭ መግባት አለበት። በአልኮል መጥረግ አይበቃም። ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የአውቶክላቭ ዙር ከማድረቁ ጋር ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሐኪማችን አንድ ታዋቂና ውድ ሃንድፒስ ብቻ ይዛ ከጀመረች፣ ሁለተኛው ታካሚ በር ላይ ሲቀመጥ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራታል፤ ማስጠበቅ ወይም መጥረግ። ሰው ሲበዛ፣ ከባኮ የመጣ ሰው መኪና ሊያመልጠኝ ነው ሲል፣ መጥረጉ ያሸንፋል። በዚያው ገንዘብ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን አራት ብትገዛ ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጸዳል፣ ሦስተኛው ይደርቃል። ስም ያለውን አንዱን ከመያዝ መካከለኛውን አራቱን መያዝ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሃንድፒሱን የሚያሽከረክረው አየር ከኮምፕረሰሩ ነው የሚመጣው። ለመኪና ጎማ የሚነፋው ዓይነት ዘይት ያለው ኮምፕረሰር ለጥርስ አይሆንም፤ የዘይት ጭጋግ ከአየሩ ጋር አፍ ውስጥ ይገባል። ያለ ዘይት የሚሠራው ይገዛ። ከፍታውም እዚህ ሌላ ሥራ አለው። የነቀምት አየር ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ በካታሎጉ ላይ «ለአንድ ወንበር ይበቃል» የተባለው እዚህ ሲመጣ ያጥራል። አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ይመረጥ።

ከሁሉ ደግሞ የወለጋ ክረምት አለ። ዝናቡ ሳይቆም ሰንብቶ አየሩ ሁሉ ርጥብ ሲሆን፣ ኮምፕረሰሩ ያንን ርጥበት አምቆ ጋኑ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ማታ ማታ ከጋኑ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን በማያፈስ ክሊኒክ፣ ጠዋት የሚነፋው አየር ጠብታ ይዞ ይመጣል። ይሄ ለምን ያስጨንቃል? ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚቱ፣ የሚጣበቀው በደንብ በተዘጋጀና ከምራቅ በተጠበቀ ጥርስ ላይ ነው። ሐኪሟ ጥርሱን በአሲድ አዘጋጅታ፣ አጥባ፣ አሁን ላድርቅ ብላ ስትነፋ ከቱቦው ውሃ ከወጣ ሙሌቱ በወሩ ይረግፋል። ታካሚው «የዚያች ልጅ ሙሌት አይበረክትም» ይላል፤ ጥፋቱ የነበረው ግን ማታ ያልተከፈተችው ቧንቧ ላይ ነው።

አቦሉ ደረሰ፤ ጠጡ። አሁን ዋናው ክርክር ጋ ደርሰናል፦ የተቦረቦረው ጥርስ በምን ይሞላ?

ጥቁሩ ሙሌት አማልጋም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ጠንካራ ነው፣ ርጥበት ላይ ይታገሣል፣ ዋጋውም አይከብድም። ቆሎ የሚቆረጥምን መንጋጋ እንደሱ የቻለ የለም ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ሚናማታ የሚባለው ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ዓለም ከአማልጋም እየራቀ ነው፤ በ2022 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይደረግ ተወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በጥቅሉ ከልክሎታል። አፋችሁ ውስጥ ያለውን አስወልቁ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ ደህና የተቀመጠ ሙሌት ባይነካ ይሻላል። አዲስ ክሊኒክ የምትከፍት ልጅ ግን የሜርኩሪውን ትራፊ የት ልትጥለው ነው? በመታጠቢያው ፈስሶ ወደ ወንዝ ይሄዳል፣ ወይ ከቆሻሻ ጋር ተቃጥሎ ወደ አየር ይወጣል። እኔ እሷን ብሆን በአማልጋም አልጀምርም።

ነጩ ኮምፖዚት ውብ ነው፤ የፊት ጥርስ ላይ ሲሆን ከራሱ ጥርስ አይለይም። ከመተሐራና ከወንጂ በኩል የመጡ፣ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ወጣቶች ፈገግታቸውን የሚመልሱት በእሱ ነው። ግን ጠያቂ ነው። የሚደርቀው በሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እየተደረበ መብራት አለበት። የመብራቷ ባትሪ ሲዳከም፣ ወይም ጫፏ ላይ የቆየ ሙሌት ሲጋገርባት ላዩ ይደርቅና ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሟ በመርፌ ነካ ስታደርገው ጠንካራ ነው፤ ታካሚውም ረክቶ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ከሥር በስብሶ ይመጣል። ስለዚህ የምትገዛው መብራት በባትሪ የሚሠራ ኤል.ኢ.ዲ. ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው መሀል ላይ አይቆምም። ከእሷ ጋር የብርሃኗን ጉልበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አብራ ትግዛ። የብዙ ክሊኒክ ሙሌት ቶሎ የሚወድቀው ይቺ ትንሽ መሣሪያ ባለመኖሯ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእናንተ ለወለጋ ቡና ጠጪዎች ደግሞ አንድ ነገር፦ አዲስ ኮምፖዚት ቡና ይጠጣል፤ በተለይ በመጀመሪያው ቀን ቀለም ይይዛል። ያን ቀን ቡናው ይቅርባችሁ። ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስተኛው ግላስ አዮኖመር ነው፤ ለወለጋ ከተሞች እኔ ልቤን የሰጠሁት ለእሱ ነው። ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። መብራት አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ከጥርሱ ጋር ራሱ ይያያዛል፤ ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ሐኪሟ በማንኪያዋ አንድ ዱቄት ወረቀት ላይ ታስቀምጣለች፤ የፈሳሹን ጠርሙስ ቀጥ አድርጋ አንድ ጠብታ ትጥላለች። በፕላስቲክ ማማሰያ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ እያጠፈች ታዋሕዳለች። ውሑዱ ሲያብረቀርቅ ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት። ብርሃኑ ከጠፋና ከደበዘዘ ዘግይቷል፤ አይጣበቅም፤ ይጣልና እንደገና ይበጥበጥ። ጥርሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ጓንት በለበሰ ጣቷ ላይ ቫዝሊን ቀብታ ጫን ትላለች። ይኸው ነው። ታካሚው አንድ ሰዓት ያህል ምግብ ሳያኝክ ይቆያል።

ይህ በእጅ ዕቃ ብቻ ብስባሱን ፍቆ በግላስ አዮኖመር የመሙላት ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ነው። የተፈጠረው መሰርሰሪያና ኤሌክትሪክ ለሌለበት ገጠር ነበር፤ ኋላ ግን ሀብታም አገሮችም የሚፈሩ ሕፃናትን ለማከም ያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 የዓለም ጤና ቀንን ለአፍ ጤና ባዋለበት ጊዜ አስተዋውቆታል፤ በ2021 ደግሞ ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ድክመቱን አልደብቅም። በአንድ ገጽ ላይ ለተቦረቦረ ጥርስ ጥሩ ይበረክታል፤ ሁለት ሦስት ገጽ ለፈረሰ መንጋጋ ግን ይደክማል፤ ቆሎና በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ የሚቆረጥም ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እንዲህ ያለው ጥርስ ለኮምፖዚቱ ወይም ለሽፋን ጥርስ ይተው።

በዚያው የ2021 ዝርዝር ውስጥ የገባ ሌላ ነገር አለ፤ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ይባላል። ብስባሱ ላይ የሚቀባ ጠብታ ነው፤ ሳይሰረሰር፣ ሳይወጋ መበስበሱን ያቆመዋል። ለትንንሽ ልጆች ትልቅ በረከት ነው። ችግሩ የነካው ብስባስ ጥቁር ይሆናል። ይሄን አስቀድማ ያልነገረች ሐኪም ከእናት ጋር ትጣላለች።

«ዶክተር፣ ልጄን አጥቁረሽ ልትልኪብኝ ነው?»

«የበሰበሰው ቦታ ይጠቁራል እናቴ። ግን ጥርሱን መብላቱን ያቆማል፤ ሕመሙም ይቀርለታል። ደግሞ የወተት ጥርሱ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይወልቃል።»

«የፊቱን ተይልኝ እንግዲህ፤ የኋላውን ቀቢው።»

ጥሩ ስምምነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚያምረው እንዲህ ሲደራደሩበት ነው።

ቶናው ይቅረብ። ስለ ማስነቀል ብዙ አልልም። ጉጠትና መፈንቀያ ጥሩ ብረት ከሆነ፣ ለየጥርሱ ዓይነት በየቅርጹ ከተሟላ፣ አውቶክላቭ ዝገት የማያወጣበት ከሆነ፣ ሐኪሟን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ማደንዘዣው ላይ ግን ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እናንተም ብታዩ ደግ ነው፤ በፀሐይ መስኮት ላይ የተደረደረ የሊዶኬይን ሣጥን ካያችሁ ጠይቁ።

ራጅ ያስፈልጋል፤ ሳያዩ የጥርስ ሥር ሕክምና መጀመር በጭለማ መሄድ ነውና። የኮምፒዩተር ሴንሰር ያለው ከፊልሙ ይልቅ በአነስተኛ ጨረር ያነሣል፤ ማጠቢያ ኬሚካልም አይፈልግም። ለጨረር መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ከመግዛቷ በፊት እዚያ ትጠይቅ። ለመድኃኒቱና ለቁሳቁሱ ደግሞ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ታጣራ፤ በሻንጣ የገባ ርካሽ ሙሌት መንገዱ ላይ ምን ያህል ሙቀት እንደነካው ማንም አይመሰክርለትም።

ወንበሩ አልተረሳም። ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግ ልብ ይዘው ያገለገለ ወንበር ይልካሉ። ከሰሜን አሜሪካ ከሆነ በ110 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ቦርዱ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ሞልቶ የሚኖር ብረት ነው። ላኪዎቹን የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ከመጫናችሁ በፊት ደውላችሁ ቮልቱን፣ የሞዴሉን ዓመትና መመሪያው መኖሩን ከተቀባዩ ጋር ተነጋገሩ፤ የማይመጥን ከሆነ በዚያ ገንዘብ ግላስ አዮኖመርና የአውቶክላቭ ከረጢት ላኩ። የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ቀላሉ ወንበር ይበቃል፤ ኤሌክትሮኒክሱ በበዛ ቁጥር የመብራቱ መዋዠቅ የሚጎዳው ነገር ይበዛል። ስታቢላይዘር ከወንበሩ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ።

በረካው ላይ ሳለን የመጨረሻውን ላንሣ። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጊምቢ ከዚያ በላይ 110 ገደማ፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያም በጣም ይርቃል። የአውቶክላቩ በር ጎማ የተሰነጠቀ ቀን ክሊኒኩ ይዘጋል፤ ጎማው በዋጋ ትንሽ ነው፣ እስኪመጣ የሚጠፋው ግን የሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ ሐኪማችን ገንዘቧን ከመቁጠሯ በፊት ሻጩን እንዲህ ትበለው፦ የበሩን ጎማ ሁለት ትርፍ ስጠኝ፤ የሃንድፒሱን ተርባይን፣ የኮምፕረሰሩን ማጣሪያ፣ የመብራቷን ባትሪ አብረህ ጫንልኝ። ሲበላሽ ነቀምት ድረስ መጥቶ የሚጠግን ሰው ማን እንደሆነ ስልኩን ጻፍልኝ፤ አሁን እዚሁ ቆሜ ልደውልለት። ሻጩ «ጎማው የለም፣ ይመጣል» ካላት ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ትሂድ።